ጣናን ትታችሁ በራችሁን አንሱ፦ በስልክ፣ በጨለማ ክፍልና በእርድ ፎቶ የመሥራት መመሪያ

እናቴ ስልኬን ተቀብላ ፎቶዎቼን በጣቷ እየገፋች ብዙ ቆየች። እኔ አድናቆት እየጠበቅኩ ነው። በመጨረሻ ቀና ብላ፣ «ልጄ፣ ይችን ፀሐይ ስንት ጊዜ ነው የምታነሳት?» አለችኝ።

ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ጣና ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ ያነሳኋቸው ፎቶዎች 412 ናቸው። ሁሉም ያምራሉ፤ ሁሉም አንድ ናቸው። ብርቱካናማ ሰማይ፣ ጥቁር ታንኳ፣ የሚያብለጨልጭ ውሃ። ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳም የሚያነሳው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ያደግኩ ሰው ነኝ። የእናቴን ረከቦት፣ የበራችንን ዝገት፣ ከበራችን ፊት ለፊት ያለውን ጉሊት አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለፉትን ሁለት ዓመታት በሙከራ ነው ያሳለፍኩት። ባለሙያ አይደለሁም። ቀን ቀን የሰው ሒሳብ ስደምር እውላለሁ፤ ፎቶ ለነፍሴ ነው። የምነግራችሁም ተሳስቼ የተማርኩትን ነው። በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ፤ ቸኩሎ ወደ እርዱ መዝለል የፈለገ ግን ከልካይ የለውም።

1. ሌንሱን ጥረጉ፣ ዕቃ አትግዙ

ኪስ ውስጥ የሚውል ስልክ ሌንሱ ላብና ቅባት ይይዛል። በዚያ ላይ ወጥ የነካ ጣት አለ። ፎቷችሁ ጉም የለበሰ ከመሰለ፣ ስልኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። የነጠላ ጫፍም ይሆናል።

ከዚያ ካሜራውን ክፈቱና «ፕሮ» የሚል ነገር እንዳለው ፈልጉ። ብዙዎቹ ስልኮች አላቸው። እዚያ ውስጥ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምንፈልገው። አንዱ አይ ኤስ ኦ ነው። ከፍ ስታደርጉት ስልኩ ጨለማ ውስጥ ያያል፤ ፎቶው ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ሌላው ሻተር ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ማለት ነው። ስልካችሁ ፕሮ ከሌለው አትጨነቁ፤ ከዚህ በታች ካሉት አብዛኞቹን ያለ እሱም ትሠራላችሁ።

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ለሚያስፈልጋችሁ ጊዜ አንድ ኪሎ ምስር በፌስታል ቋጥሩና ስልኩን በላዩ ተክሉት። ጠጠር ላይም፣ አጥር ላይም፣ ወንበር ላይም ይቀመጣል። እናቴ ምስሯ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ግራ ገብቷት ነበር።

2. አንድ ቦታ ምረጡ፣ ለ30 ቀን

ከበራችሁ በ200 እርምጃ ውስጥ የሆነ ቦታ ይሁን። የቤዛዊት ኮረብታ አይደለም። ጢስ ዓባይ አይደለም። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይም አይደለም። እነዚህ ቦታዎች ያምራሉ፤ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ፎቶው ጭንቅላታችሁ ውስጥ አለ። ሄዳችሁ የምታመጡት ያንኑ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። በየቀኑ፣ እዚያው ቦታ ቆማችሁ፣ አንድ ፎቶ ታነሳላችሁ። ዙም አይነካም። ማጥፋትም የለም። ማታ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፦ ሰዓቱን፣ እና ትናንት ያላያችሁትን አንድ ነገር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ይላሉ። ስድስተኛው ቀን ላይ ይሰለቻል። ሰባተኛው ላይ ቦታ ልቀይር ያሰኛችኋል። አትቀይሩ። እኔ የመረጥኩት ከበራችን ማዶ ያለውን ጥግ ነው። አንድ ጉሊት፣ አንድ ሊስትሮ፣ ባጃጆች የሚቆሙበት ጥላ አለ። በዘጠነኛው ቀን ማስታወሻዬ ላይ «ምንም የለም» ብዬ ጻፍኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ግን ጉሊቷን የያዙት እናት ጃንጥላቸውን ከፀሐይዋ ጋር እንደሚያዞሩት አየሁ። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ። ቲማቲሙና ሽንኩርቱም ጥላውን ተከትሎ ይዞራል። በዚያ ጥግ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ! የቀሩት 19 ፎቶዎች በሙሉ ስለ ጃንጥላው ሆኑ።

3. የባሕር ዳርን ፀሐይ ዕወቁ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም እኔ ብርሃንን የተማርኩት ከዩቲዩብ ነው፣ ዩቲዩቡ ደግሞ ከአውሮፓ ነው። «ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ያለው ወርቃማ ብርሃን ረጅም ነው፣ ተዝናኑ» ይላሉ። እኔም ተዝናንቼ ቡናዬን ጠጥቼ ስወጣ ጨልሞ ይጠብቀኛል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ፀሐይ በአግድም ተንሸራትታ ሳይሆን ቁልቁል ነው የምትወርደው። ስለዚህ ያ ወርቃማ ብርሃን እኛ ጋ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ከጠለቀች በኋላም ሰማዩ ቶሎ ይጠቁራል። በታኅሣሥ የምትጠልቀው 12:10 ገደማ ነው፤ በሰኔ 12:55 አካባቢ። ከዚያ ላይ አንድ ሰዓት ቀንሱና ያኔ ቦታችሁ ላይ ተገኙ። ጠዋትም እንደዚያው ነው። በሰኔ 12:10 ላይ ትወጣለች፣ በታኅሣሥ 12:45 ገደማ። ጠዋትን የምወደው አየሩ የጠራ ስለሚሆን ነው። ሰዉም ገና ፊቱን አላዘጋጀም።

ሌላው፣ ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች። ሐይቁን ስታዩ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ናት ማለት ነው። ውሃው በደንብ ሰማያዊ ይሆናል። ግን ሐይቁን ከኋላ አድርጋችሁ ሰው ብታቆሙ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ብርሃኑ ፊት ለፊት ይወጋዋላ። በእነዚሁ ወራት ከከተማው ዳርቻ ሆኖ ፀሐይ ውሃ ላይ ስትጠልቅ ማየት ያስቸግራል፤ የምትገባው በየብሱ በኩል ነው። ወደ ሰኔ ስንጠጋ ነው ወደ ዘጌ አቅጣጫ ተጠግታ ውሃው ላይ የምትወርደው። ያኔ ደግሞ ደመና አለ። ጣና ሁሉን ነገር ባንዴ አይሰጥም።

አሁን ደግሞ የምወደውን ልንገራችሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ ከቀኑ 6:30 አካባቢ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች። የመብራት ምሰሶ ጥላ ያጣል። የቆመ ሰው ጥላው እግሩ ሥር ይገባል። ሚያዝያ 13 አካባቢ ያሉትን ቀናት ሞክሩ፤ የነሐሴው በደመና ሊበላ ይችላል። ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ አንሱ፦ ጠርሙስ፣ ምሰሶ፣ ወንበር፣ ዘንባባ። ፎቶው ውስጥ አንድ የጎደለ ነገር ይኖራል፤ የሚያየው ሰው ምን እንደሆነ ቶሎ አይደርስበትም። እኔ የቡና ሲኒዎችን ረከቦት ላይ እንዳሉ አንስቼ ነበር። በአየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ።

በተረፈ የቀትር ፀሐይ ለፊት አይሆንም። ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ሰውየውን በረንዳ ሥር አስጠጉት፣ ፊቱን ወደ ውጭ ያዙር። ብርሃኑ ከመሬት ተመልሶ ፊቱን ያለሰልሰዋል። ነጭ ነጠላ ወይም አንሶላ እግሩ ሥር ብታነጥፉ ደግሞ የበለጠ ያበራል። ከላይ ያለውን ነገር ግን ተጠንቀቁ። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠ ሰው በሽተኛ ይመስላል። ቢጫ ጃንጥላ ሥር ያለ ደግሞ የወባ መድኃኒት የጀመረ።

ክረምት ሲገባ ብዙ ሰው ካሜራውን ያስቀምጣል። እኔ የማወጣው ያኔ ነው። ደመናው አገር የሚያህል መጋረጃ ነው፤ ጥላ አይጨክንም። ጣናም ይለወጣል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈሩን ይዘው ሲገቡ ውሃው ቡናማ ይሆናል። ቡናማ ጣናን ማንም አያነሳውም፤ ፖስት ካርድ ላይ የለማ! ከነጭ ሰማይ ጋር ግን ግሩም ነው።

4. የመንገድ ላይ ሙከራዎች

ኩሬ። ክረምት አስፋልቱ ላይ ውሃ ይቆማል። ስልኩን ገልብጡት፤ ሌንሱ ከታች፣ ለውሃው በጣት ስፋት ያህል እንዲቀርብ አድርጉ። ትንሽ የመሰለች ኩሬ ሐይቅ ትሆናለች፤ ዘንባባው ሁለት ጊዜ ይበቅላል። ነፋስ እስኪያርፍ ጠብቁ። ባጃጅ ሲመጣ ግን ተነሱ። እኔ ባለመነሳቴ ሸሚዝ ቀይሬ ቢሮ ገብቻለሁ።

የሚበር ባጃጅ። የቆመ ባጃጅ ብታነሱት ባጃጅ ነው። የሚሄድ ባጃጅ ስልኩ ቀጥ አድርጎ ቢይዘው የቆመ ይመስላል። የምንፈልገው ባጃጁ ጥርት ብሎ፣ ጀርባው በሙሉ መስመር መስመር እንዲሆን ነው። ፕሮ ውስጥ አይ ኤስ ኦን ዝቅተኛው ላይ፣ ሻተሩን 1/30 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ከመንገዱ ማዶ ቁሙ። ስልኩን በሁለት እጅ ያዙ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ። ባጃጁ ገና ከሩቅ ሲመጣ ጀምራችሁ በወገባችሁ እየዞራችሁ ተከተሉት። ፊት ለፊታችሁ ሲደርስ ተጫኑ፤ ከተጫናችሁም በኋላ መዞራችሁን አታቁሙ። ብዙው ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ሲጫን ይቆማል። በቀን ብርሃን 1/30 ፎቶውን ያነጣዋል። መፍትሔው የፀሐይ መነጽር ነው፤ ጥቁሩን መስታወት ሌንሱ ላይ ለጥፋችሁ ያዙት። ወይም ወደ ማምሻው ጠብቁ። ከ20 አንዱ ከተሳካ ቀኑ ጥሩ ነው።

ጥቁር ታንኳ። እሺ፣ ጣናንም አንሱ፤ አልከለክልም። ግን ስልኩ ላይ ሰማዩን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ታች ሳቡት። ታንኳው ጥላ ብቻ ይሆናል። ታንኳ ደግሞ ቅርጹ ብቻ የሚበቃው ነገር ነው፤ ከደንገል የታሰረ፣ አፍንጫው ወደ ላይ የተቃና። የበለጠ የምወደው ግን ታንኳው ከውሃ ወጥቶ ሊደርቅ ዳር ላይ ሲቀመጥ ነው። ጠጋ ብላችሁ እስሩን አንሱ።

የውሃ ጠብታ። ሌንሱ ላይ በጣት ጫፍ አንዲት ትንሽ የውሃ ጠብታ አስቀምጡና ስልኩን በቀስታ ገልብጡ። ጠብታዋ ማጉያ ሆነች። አሁን በጣም ተጠግታችሁ ተመልከቱ፦ የእንጀራ ዓይን፣ የጀበና ክዳን ስንጥቅ፣ የጥልፍ ክር። ደንገል ቆርጣችሁ እዩ፤ ግንዱ ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ነው፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ። ታንኳው ለምን እንደሚንሳፈፍ ያኔ ይገባችኋል። ስልኩ ውሃ የማይወድ ከሆነ ጠብታዋ ትንሽ ትሁን፤ ወዲያው ጥረጉ።

5. ክፍላችሁን ካሜራ አድርጉት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት፣ ፀሐይ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና በታየችበት ዕለት፣ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ነበርኩ። ፀሐይዋን ማየት ስለማይቻል መሬት መሬቱን አያለሁ። ሌላ ጊዜ በቅጠሎቹ መካከል የሚወድቁት የብርሃን ክቦች ሁሉ ማጭድ ሆነዋል። ግድግዳው ላይ፣ ባልዲው ላይ፣ የእህቴ ጀርባ ላይ ትናንሽ ማጭዶች። ምክንያቱ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በቅጠል መካከል ያለ እያንዳንዱ ቀዳዳ የፀሐይን ምስል ይሠራል። ሌላ ጊዜ ክብ የሚሆኑት ፀሐይዋ ክብ ስለሆነች ነው።

ታዲያ አንድ ቀዳዳ የፀሐይን ምስል ከሠራ የመንገዱንስ ለምን አይሠራም? ይሠራል። እንዲህ አድርጉ።

ፀሐይ ያረፈበት መንገድ ወይም ግቢ የሚያሳይ መስኮት ያለው ክፍል ምረጡ። ፀሐይዋ መስኮቱን ሳይሆን ማዶውን ነው መምታት ያለባት። እኔ ጋ የሚሠራው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ነው። መስኮቱን በካርቶን ዝጉና በላዩ ጥቁር ላስቲክ በፕላስተር ለጥፉበት። የበሩን ሥር በጋቢ ድፈኑ። ክፍሉ ውስጥ እጃችሁን ማየት ካልቻላችሁ ጨርሳችኋል።

አሁን ካርቶኑ መሐል የጡጫ ያህል ክፈቱ። ክፍቱን በፎይል ሸፍኑና ፎይሉ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ቁረጡ። የመጀመሪያ ሙከራዬ የከሸፈው ፎይሉን ትቼ የጡጫውን ቀዳዳ ስለተጠቀምኩ ነው፤ ግድግዳው ላይ የታየኝ ብርሃን ብቻ ነበር። ቀዳዳው ሲያንስ ምስሉ ይጠራል፣ ግን ብርሃኑ ይቀንሳል። ስፋቱን በግማሽ ብትቀንሱት ብርሃኑ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። 2 ሳንቲ ሜትር ለ3 ሜትር ክፍል መካከለኛ ነው። ከመስኮቱ ማዶ ያለው ግድግዳ ነጭ ካልሆነ አንሶላ ስቀሉ።

ከዚያ ተቀመጡ። ቢያንስ 10 ደቂቃ። ዓይን ጨለማን የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው፤ ስልክ ካበራችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከታች፣ ወለሉ አጠገብ፣ ሰማያዊ ነገር ይመጣል። ሰማይ ነው። ከላይ ጣሪያው አጠገብ አስፋልቱ። እኔ ሳየው ባጃጅ በጣሪያው ጥግ ተገልብጦ ሄደ። የጉሊቱ ጃንጥላ አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ሲኒ መሰለ። አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ ከአልጋዬ በላይ አለፈ። እናቴን ጠራኋት። ገብታ ትንሽ ዝም አለችና፣ «በስመ አብ! ይህ ነገር በየቀኑ እዚህ ነበር?» አለች።

ነበር እንጂ። ብርሃን በቀጥታ ነው የሚሄደው። ከዘንባባው አናት የተነሳው ብርሃን በቀዳዳው አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከአስፋልቱ የተነሳው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ይገለበጣል። ከ1,000 ዓመት በፊት ገደማ በካይሮ የኖረው ኢብን አል ሃይሰም መብራቶችን ደርድሮ፣ ብርሃናቸውን በቀዳዳ እያሳለፈ ይህን ፈትኖታል።

ለማንሳት ስልኩን ምስሩ ላይ ተክላችሁ ወደ ግድግዳው አዙሩት። ፕሮ ካለ አይ ኤስ ኦ 800፣ ሻተር 30 ሰከንድ። ስልካችሁ 10 ሰከንድ ላይ የሚያቆም ከሆነ አይ ኤስ ኦውን ከፍ አድርጉ። ፕሮ ከሌለ የማታ ማንሻውን ሞክሩ። ቆጥሮ በራሱ የሚያነሳውን (ታይመሩን) አብሩት፤ በጣት ስትነኩት ይነቃነቃል። የሚንቀሳቀስ ሰው በ30 ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል፤ የሚቀሩት የቆሙት ብቻ ናቸው። የእኔ ፎቶ ላይ ባጃጅ የለም። የጉሊቷ እናት ግን አሉ።

ጥራት ከፈለጋችሁ ደግሞ የአባታችሁን የማንበቢያ መነጽር ተዋሱ። ቁጥሩ ፕላስ 1 ከሆነ አንዱን መስታወት ቀዳዳው ላይ ለጥፉና ነጭ ወረቀት 1 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ያዙ። ፕላስ 2 ከሆነ 50 ሳንቲ ሜትር። ወረቀቱን ወደፊት ወደኋላ ስታደርጉት አንድ ቦታ ላይ መንገዱ በሙሉ ጥርት ይላል። ምስሉ ያንሳል፣ ግን እንደ ቴሌቪዥን ነው።

6. ካሜራ የሌለበት ፎቶ፦ እርድ

እርድ የነካው ነጭ ልብስ አጥባችሁ ታውቃላችሁ? ሳሙና ሲነካው ቀይ ይሆናል። ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ቢጫው እየደበዘዘ ይሄዳል። ይህን እያንዳንዷ እናት ታውቃለች። እነዚህን ሁለት ነገሮች ብታገናኟቸው ፎቶ ይሆናሉ። በዕፅዋት ጭማቂ ምስል የማውጣቱ ነገር አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ጆን ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1842 ስለ አበባና ቅጠል ጭማቂዎች ሙከራውን አሳትሞ ነበር። እኛ ግን ወጥ ቤት ነው የምንጀምረው።

አንድ የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት ከፋርማሲ ከተገዛ አልኮል ጋር ቀላቅሉ፤ አልኮሉ አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃዋል። ምድጃ አጠገብ አይሁን፤ አልኮል እሳት ይይዛል። አማሱት፣ ዝቃጩ ይቀመጥ፣ ከዚያ ቢጫውን ውሃ በጨርቅ አጥሉት። ወፈር ያለ ወረቀት ላይ በብሩሽ ወይም በጥጥ ቀቡ። ይህን ሁሉ ጥላ ውስጥ አድርጉ። ወረቀቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይድረቅ።

ከደረቀ በኋላ በላዩ ቅጠል አስቀምጡ። የቡና ቅጠል ጥሩ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የደንገል ራስ ነው፤ ያ እንደ ፀጉር የተበተነው። በመስታወት ጫኑት፣ እንዳይነቃነቅ። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ ይዋል። በክረምት ቀኑን ሙሉ ሊፈልግ ይችላል። ጠርዙን እያያችሁ፣ ቢጫው ገርጥቶ ወደ ነጭ ሲጠጋ አንሱት። ቅጠሉ ያረፈበት ብቻ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

አሁን የልብስ ሳሙና በውሃ አሟሙታችሁ ወረቀቱን ንከሩት። ይህችን ሰከንድ እንዳታሳልፏት። ቢጫው ዓይናችሁ እያየ ወደ ሸክላ ቀይ ይቀየራል። በንጹሕ ውሃ በቀስታ አለቅልቁ፣ ጥላ ውስጥ አድርቁ።

አንድ ችግር አለ። ይህ ፎቶ አይጸናም። የሠራው ፀሐይ ያጠፋዋል። የመጀመሪያዬን በኩራት ሳሎን ሰቅዬው ነበር፤ ጥምቀት ሳይደርስ ባዶ ወረቀት ሆነ። ስለዚህ እንደደረቀ በስልክ አንሱት፣ ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጡት።

7. ሰው ስታነሱ

አጭር ነው የምናገረው። ጠይቁ። መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ግዙ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያ ጠይቁ። ጉሊቷ ጋ ሄጄ፣ «እትየ፣ ጃንጥላዎን ላንሳው?» ስላቸው ሳቁብኝ። «ጃንጥላው ምን አለው ልጄ? እኔን አንሳኝ እንጅ!» አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ጉርድ ፎቶ የሚነሱ መሰሉ። አነሳኋቸው። ያችን ፎቶ አሳጥቤ ሰጠኋቸው። ከዚያ በኋላ ለወር ያህል እኔን ማየት ተዉና ሥራቸውን ቀጠሉ። የፈለግኩት ፎቶ የመጣው ያኔ ነው።

ታንኳ ላይ ያለ ሰው ሥራ ላይ ነው። ዓሳውን አውርዶ እስኪጨርስ ጠብቁ። ዘጌም ሆነ ደሴቶቹ ላይ ያሉ ገዳማት ስትገቡ አባቶችን ጠይቁ፤ ሥዕሎቹ ፊት ፍላሽ አታብሩ። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባበት አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ ከእህቶቻችሁ ጋር ሄዳችሁ ጀልባ ላይ እንዳታስቀሯቸው። ድልድይና የመንግሥት ሕንፃ አጠገብ ጥበቃውን ሳታናግሩ ስልክ አታውጡ። ጉማሬ ካያችሁ ደግሞ ዙም የተሠራው ለዚያ ነው።

8. መርጣችሁ አሳጥቡ

በሠላሳኛው ቀን ፎቶዎቹን ወዲያው አትምረጡ። ሁለት ሳምንት አስቀምጧቸው። ያኔ የደከማችሁበትንና የተሳካውን መለየት ትችላላችሁ፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ከ30ው 6 ብቻ ምረጡ። ከዚያ ለቤት ሰው አሳዩና ሌላ 6 እንዲመርጥ አድርጉ። የተደራረቡት ይታጠቡ። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ፎቶ አይደለም ብዬ አልከራከርም፤ ግን ስልኩ ይጠፋል። የእኔ አንዴ ጣና ገብቷል። ከ412ቱ ፀሐዮች ብዙዎቹ አብረው ጠልቀዋል።

ፎቶ ቤት ስትሄዱ «አታስውቡልኝ» በሉ። ካላላችሁ ሰማዩን የባሰ ሰማያዊ፣ ፊቱን የባሰ ነጭ አድርገው ይሰጧችኋል። እኔ ላይ ተደርጎብኛል፤ ጉሊቷ እናት ፈረንጅ ሆነው መጡ። እንደገና አሳጠብኩ።

እናቴ ስድስቱን እንድትመርጥ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ጃንጥላዎቹን አየች፣ ተንሳፋፊዎቹን ሲኒዎች አየች፣ ተገልብጦ የሚታየውን መንገድ ሁለት ጊዜ አዙራ አየችው። አንዱንም አላነሳችም። ከሥር ተደብቆ የነበረውን የእርድ ወረቀት፣ ቀይ የደንገል ራስ ያለበትን፣ መዝዛ ወሰደች። «ብርሃን አይወድም» አልኳት። «እኔ ጋ አያገኘውም» አለችና ዳዊቷ ውስጥ ከተተችው። አሁን ያችን ደንገል ማየት ስፈልግ ጠዋት ዳዊት እስክትደግም እጠብቃለሁ።